መጽሐፉ 100 ይላል፣ የጎፋ ውሃ ግን 92 ተኩል ላይ ፈላ

ይህ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ከሰፈር ልጆች ጋር የሠራነው ሥራ ማስታወሻ ነው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የከተብኩትን ብዙም ሳልነካካው ነው የማስቀምጠው። አስተማሪ አይደለሁም። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ ልጆቹ ግን "ቲቸር" ማለቱን ሊተዉ አልቻሉም። ከ5ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ናቸው። አንዳንድ ቀን ታናናሾቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፣ ቤት ማንም ስለሌለ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር፣ የዕድራችን አዳራሽ ነው።

ክረምት ሲመጣ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ነገር ቲቶሪያል ብቻ ነው። የሚመጣውን ዓመት ኖት ቀድሞ መገልበጥ። እኔ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እንዲለኩ ፈለግኩ፤ በተለይ ለክተው ያገኙት ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማበትን ነገር። አዲስ አበባ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ከፍታ አላት፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ አያጡም። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ግን ብዙውን ጊዜ የተሳለው ባሕር አጠገብ ላለ፣ ፀሐይን ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለሚያይ ልጅ ነው።

ሐምሌ 9

ዕቃ ማሰባሰብ። ዕድሩ አዳራሹን የሰጠን ወለሉ እንዳይቆሽሽና ለቅሶ ከተፈጠረ ወዲያው ለቀን እንድንወጣ ተስማምተን ነው። ወንበሩም ድንኳኑም ያው እዚያ ነው ያለው። የዕድሩ ዳኛ "ሳይንሱ ውጭ፣ ጽዳቱ ውስጥ" ብለው ቁልፉን ሰጡን።

ከቁራሌው የተበላሹ ስፒከሮች ገዛን፣ ለማግኔታቸው ስንል። ከምናለሽ ተራ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አመጣሁ፣ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ገና ደህና ነው። የፌሮ ቁራጭ ከጎረቤት ግንባታ ለምነን አገኘን። ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ናስትሮ ከራሴ ቦርሳ። ሃይላንድ መንገድ ላይ ሞልቷል፤ ልጆቹ በጆንያ ሰብስበው መጡ።

ገንዘባችንን የበላው እስከ 110 ዲግሪ የሚያነበው የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ነው። አንዱ ልጅ "እኛ ቤት አለ" ብሎ የትኩሳት መለኪያ ይዞ መጣ። መለስኩለት። እሱ 42 አካባቢ ያበቃል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ብንከተው ከዚያ በኋላ የምትለካን እናቱ ናት።

ሐምሌ 12

በጥላ ጀመርን። ምክንያቱም አይከፈልበትም። አንድ ሜትር የሆነ ፌሮ አሸዋ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ተከልን። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አየን፤ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ብሎን ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። ከሥሩ ካርቶን አነጠፍንና ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየ10 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረግን ቆየን።

ደመናው መሀል ላይ እየገባ አንዳንዱን ነጥብ በላብን። አንዷ የ7ኛ ክፍል ልጅ ባዶውን ቦታ በግምት እንሙላው አለች። ሌሎቹም ደስ አላቸው፤ መስመሩ ያምራል። ከዚያ ራሷ ቆም ብላ "ግን አላየነውም እኮ" አለች። ባዶውን ተውነው። ካርቶኑ እስካሁን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከነክፍተቱ ተለጥፎ አለ።

ሁለት ነገር ግራ አጋባቸው። ጥላው በጣም ያጠረው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ30 አካባቢ ነው። እና ያ አጭሩ ጥላ፣ 21 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ያመለከተው ወደ ደቡብ ነው። በስልኬ ኮምፓስ አረጋገጥን። (ስልኩን ከፌሮው አርቁት፤ ብረት አጠገብ ኮምፓስ ይቀባጥራል።)

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ነው። የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ነው። መስመሩ የሚያልፈው ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ዋርዴር አቅራቢያ ነው። እኛ 38.7 ላይ ነን። ፀሐይ አንዷን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ዋርዴር ቀትር ሆኖ እኛ ጋ እስክትደርስ 25 ደቂቃ ይሄዳል። በሐምሌ ደግሞ ምድር በምትዞርበት መንገድ የተነሳ ሌላ 6 ደቂቃ ይጨመራል። ልጆቹ ከዚህ የያዙት አንድ ነገር ነው፦ "የምንጠቀመው የዋርዴርን ሰዓት ነው።" አሁን ማርፈዳቸውንም በዚሁ ነው የሚያመካኙት።

ጥላው ወደ ደቡብ የወደቀው ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስላለች ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ናት። ይህን ስነግራቸው የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ወዲያው ጠየቀ፤ አሁን ሰሜን ከሆነች፣ ታኅሣሥ ደግሞ ደቡብ ከሆነች፣ መሀል ላይ አናታችን ላይ የምትሆንበት ቀን አለ ማለት ነው? አለ። ነሐሴ 23 ወይም 24። የክረምቱን ሥራ አቅጣጫ ያስያዘው ይህ ጥያቄ ነው። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ተውኩት።

ሐምሌ 19

የዝናብ መለኪያ። ሃይላንዱን ከትከሻው በታች ቆርጦ አፉን ገልብጦ መክተት ነው፣ ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ የጠርሙሱ ታች እኩል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ጠጠር ከተን ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሞላንበት። እዚያ ላይ ዜሮ ብለን አሰመርን፣ ከዚያ በላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፍን።

ክርክሩ የመጣው በማግሥቱ ነው። አንዱ ቡድን የ2 ሊትር ጠርሙስ፣ ሌላው የግማሽ ሊትር ነበር የያዘው። ትልቁን የያዙት ብዙ ሚሊ ሜትር እናገኛለን ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲፎክሩ አድረዋል መሰለኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት አሳዩ። አላመኑም። ትንሹ ጠርሙስ የፈሰሰበት ነገር አለ፣ ድመት ጠጥታለች፣ ብዙ ተባለ። ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው ሲያወዳድሩ የትልቁ ውሃ በብዛት ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እኩል ነው። ሰፊ አፍ ብዙ ይቀበላል፣ የተቀበለውን ደግሞ ሰፊ ታች ላይ ይዘረጋዋል። ይህን በቃል ከመናገር ውሃውን እየገለበጡ ማየት ይሻላል። ጠዋቱን ሙሉ በዚህ አጠፋን፤ አልቆጨኝም። የአየር ጠባይ ዘገባ "30 ሚሊ ሜትር" ሲል የጠርሙሱን ስፋት የማይጠይቀው ለዚህ ነው።

ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ሦስተኛው ጠርሙስ ያነሰ ነው ያሳየው። ቅጠሉ ወሰደበት። ይህኛውን ማንም ሳይነግራቸው ነው ያወቁት።

ሐምሌ 22

ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ነበር። 31 ሚሊ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው፤ ይህን ካወቁ ቀሪው ማባዛት ነው። የአዳራሹን ጣሪያ ለኩ፣ 8 በ12። 96 ካሬ። 96 ጊዜ 31 ሲባዛ 2,976 ሊትር። ወደ ጀሪካን ቀየሩት፣ 20 ሊትር በሚይዘው 149 ጀሪካን ሊደርስ ትንሽ ነው የጎደለው።

ዝም አሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው፣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ የእነሱ ሥራ ነው። ያን ያህል ውሃ በአንድ ሌሊት ከአንድ ጣሪያ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ዳኛው መጥተው ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ አዩት። "ይሄ ነገር በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባል" አሉ። አሸንዳውን ከበርሜል ጋር ለማገናኘት ስንት እንደሚፈጅ እንድጠይቅ ታዝዣለሁ።

ሐምሌ 27

የዛሬውን በጉጉት ስጠብቀው ነበር።

ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ቴርሞሜትር በክር ተንጠልጥሎ፣ ታቹ የድስቱን ወለል እንዳይነካ። በየደቂቃው አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። 60፣ 71፣ 80፣ 88። ከዚያ 91፣ 92። ውሃው ተንተከተከ። 92 ተኩል። እሳቱን ጨመሩበት። 92 ተኩል። ክዳን ገጠሙለት፣ ከፈቱት፣ ያው ነው።

"ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ተባለ። በድምፅ ብልጫ ሁሉ ተወሰነ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያልተስማማው፤ እሱም ለምን እንዳልተስማማ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ነው።

እኔ አልመለስኩም። መሣሪያ ተበላሽቷል ከተባለ እንፈትነው አልኩ፤ እርግጠኛ የምትሆኑበት ሌላ ሙቀት የትኛው ነው? በረዶ አሉ። ከሱቅ በረዶ አመጣን፣ ወቅጠን ውሃ ጨመርንበት፣ ቴርሞሜትሩን ከተትን። ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ። እንግዲህ መሣሪያው ልክ ነው። ታዲያ የሚዋሸው ማነው? ውሃው ነው ወይስ መጽሐፉ?

ማንም አይዋሽም። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ሙሉው አየር ይጫናል፤ ጎፋ ላይ ግን ከሥራችን ከሁለት ሺ ሜትር በላይ ያለውን አየር ትተነው ወጥተናል። ያለነው 2,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ መፍያው ወደ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። 2,250 ለ300 ሲካፈል 7.5። ከ100 ላይ ሲቀነስ 92.5። ሒሳቡን የሠራችው ልጅ ቾኩን ወረወረችው፤ ከድስቱ ጋር በትክክል ስለገጠመላት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ 96። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ ይበልጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የመጡ ተጓዦች ቴርሞሜትርና ድስት ይዘው ተራራ ይወጡ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ውሃ እያፈሉ የተራራውን ከፍታ ያወጡ ነበር። የእኛን ሒሳብ ገልብጦ መሥራት ነው።

ሻይ የሚያፈሉልን እናት በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው "ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዴ እህቴ ድሬ ላይ ባቄላው ቶሎ የሚበስልላት? እኔ እኮ ባቄላው ነው ስል ነበር" አሉኝ። ለዚህ ነው። ፕሬሸር ኩከርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ የጎደለንን አየር በእንፋሎት ይተካልናል።

የ8ኛ ክፍሉ ልጅ ደግሞ ሲወጣ እንዲህ አለኝ። "ቲቸር፣ ታዲያ ፈተና ላይ ስንት ብዬ ልመልስ?" 100 በል አልኩት፣ አጠገቡ ግን "በባሕር ወለል ላይ" ብለህ ጨምር። "ምርጫ ከሆነስ?" አለኝ። ምርጫ ከሆነ መጨመሪያ ቦታ የለውም። እውነቱን ነው።

ነሐሴ 4

ሞተር ሠራን። የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ከትራንስፎርመሩ የተፈታ ሽቦ። ሽቦውን ባትሪው ላይ ጠምጥሞ ቀለበት ማድረግ፣ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ማውጣት፣ መርፌ ቁልፎቹን ባትሪው ዳርና ዳር ላይ በናስትሮ ማሰር፣ ቀለበቱን ማንጠልጠል።

ምስጢሩ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። ሽቦው የተቀባ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት፤ ግን አንደኛውን ጫፍ ግማሽ ጎኑን ብቻ። ዙሪያውን የፋቁት ሁሉ ቀለበታቸው ጭር ብሎ ቆመ። የ7ኛ ክፍሏ ልጅ ቸኩላ አንድ ጎኑን ብቻ ፍቃ ነበር የተወችው፤ የእሷ ተሽከረከረ። ሁሉም ከበቧት። ዙሪያውን ከተፋቀ ማግኔቱ ቀለበቱን ግማሽ ዙር ይገፋውና በቀሪው ግማሽ ወደኋላ ይጎትተዋል። ግማሽ ጎን ሲሆን ግን ወደኋላ ሊጎትት ሲል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ቀለበቱም በራሱ ግፊት ያልፋል። ሽቦው ይሞቃል፣ ብዙ አታቆዩት።

ነሐሴ 10

እንጦጦ። ወላጆችም መጡ። ፍልሰታ ስለሆነ ትልልቆቹ ጾመኞች ናቸው፣ ምሳ ጉዳይ አልነበረም። ነፋሱ ቡታጋዙን እያጠፋ አስቸገረን፤ በመጨረሻ ባሕር ዛፎቹ መሀል ጃንጥላ ይዘን ከልለን አፈላን። ስልኬ 2,900 ሜትር ይላል፤ ልጆቹ ከመነሳታችን በፊት 90 ከትንሽ ብለው ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሽገው ነበር። ቴርሞሜትሩ 90ን ትንሽ አለፍ አለ። ፖስታው ተከፈተ፣ ጩኸት ሆነ። ዝናብ መጣ፣ ወረድን።

ነሐሴ 13

ቡሄ ነው፣ ሥራ የለም። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ላይ ናቸው። ግን ሜዳው ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ አገኘኋቸውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጅራፉ መሬት ሳይነካ፣ ማንንም ሳይመታ ለምን ይጮኻል? ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው፤ ጥይትም፣ በጣም ፈጣን የጦር ጄትም የሚያሰሙት ዓይነት ጩኸት ነው። እጀታው ወፍራም ጫፉ ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው፣ ጉልበቱ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ፍጥነት ይሆናል። አንዱ ልጅ እስከ ሜዳው ዳር ሮጦ ሄዶ ከሩቅ አጮኸው። እጁ ሲወርድ ታያለህ፣ ድምፁ ቆየት ብሎ ይመጣል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በሚቀጥለው ዓመት ቡሄ ላይ በሰዓት እንለካዋለን ብለናል።

ነሐሴ 19

ለፀሐይዋ ቀን ዝግጅት።

መቀሌ ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። እዚህ ጥላ በሚጠፋበት ቀን እሱ ጋ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ሜትር ዘንግ ተክሎ ጥላውን ይለካልናል። ሐሳቡ የእኛ አይደለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ ነው የሠራው። ሲየኔ፣ ማለትም የዛሬዋ አስዋን፣ በዓመት አንድ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላ አለ። የጥላውን ማዕዘን ለክቶ የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆኖ አገኘው። ጥላው የተለያየው ምድር ክብ ስለሆነች ነው፤ ስለዚህ የምድር ዙሪያ የሁለቱን ከተሞች ርቀት 50 እጥፍ ነው አለ። ከአባይ ሳይርቅ የምድርን ዙሪያ አወጣ።

መቀሌ ከእኛ ወደ ሰሜን ቀጥ ያለች ናት ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ሥራ ከባሕር ዳር ትሻላለች፤ ራቅ ስለምትል ጥላዋም ይረዝማል።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር። የዘንግ ጥላ ጫፉ ጥርት አይልም። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፣ ስፋት አላት፤ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ጫፉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይደበዝዛል። የምንለካው ጠቅላላ 8 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ነገር ይህ ብዙ ነው። መፍትሔው የዘንጉ አናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን መግጠም ነው። መሬት ላይ የምትወድቅ ክብ ብርሃን ታገኛለህ፣ መሀሏን ትለካለህ። ያቺ ክብ ራሷ የፀሐይ ምስል ናት። ትልልቆቹ ልጆች አስታወሱ፤ በሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበት ግርዶሹ ላሊበላ ላይ በታየ ጊዜ፣ እዚህ አዲስ አበባ በቅጠል መሀል ያለፉት ብርሃኖች ሁሉ ጨረቃ መስለው ነበር።

ሰዓቱን ደግሞ አጥብቀን ያዝን። ጎፋ 6 ሰዓት ከ26፣ መቀሌ 6 ሰዓት ከ23። 10 ደቂቃ ብትዘገይ ብርሃኗ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ትሄዳለች።

ነሐሴ 23

ደመና። ጠዋት ብራ ነበር፣ 5 ሰዓት ላይ ጥቁር ሆነ፣ 6 ሰዓት ላይ ዘነበ። መቀሌ ፀሐይ ነው። ለልምምድ ለክተው 7 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ብለው ላኩልን። ልጆቹ ተናደዱብኝ፣ ደመናውን የላክሁት እኔ ይመስል።

ነሐሴ 24

አገኘናት!

6 ሰዓት ላይ ሰማዩ ግማሽ ግማሽ ነበር። 6 ከ15 ላይ ተሸፈነች። ዳኛው ራሳቸው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። 6 ከ22 ላይ ተከፈተ። የብርሃኗ ክብ ከዘንጉ በስተ ምዕራብ ነበረች፤ እየተንፏቀቀች መጣች፣ በዓይን ይታያል። 6 ከ26 ላይ ከካርቶኑ ሥር ገባች፣ ባልዲው ላይ። ዘንጉ ጥላ የለውም። አጠገቡ በቱንቢ ቀጥ አድርገን ያቆምነው የውሃ ቱቦ ውስጥ ብርሃኑ እስከ ታች ወረደ። ልጆቹ ራሳቸውን አዩ፤ ጥላቸው ጫማቸው ሥር ነው። ታናሹ ጥላውን ሊረግጥ ዘለለ፣ እግሩ ሥር ስለነበረች ረገጣት።

6 ከ31 ላይ ደመናው ተመለሰ። በቃን።

ስልኩ ጮኸ። መቀሌ፦ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ሰሜን።

ነሐሴ 26

ሒሳቡ። ብዙዎቹ ትሪጎኖሜትሪ ገና ስላልደረሱ በክር ሠራነው። የዳኛው ንጹሕ ወለል ላይ (አስፈቅደን) አንድ ሜትር ክር ይዘን በቾክ ክብ ሠራን። ዘንጉ አንድ ሜትር ስለሆነ። ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የወረቀት ቁራጮች በክቡ ዙሪያ ደረደሩ። 78 ገብተው ግማሽ የሚሆን ቦታ ተረፈ። የክቡ ዙሪያ 628 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለ8 ሲካፈል 78.5፤ ወረቀቱም ሒሳቡም ተስማሙ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ መቀሌ ያለው ርቀት 78 ተኩል ጊዜ ሲደረደር ምድርን ይዞራል።

ርቀቱ ስንት ነው? አንዱ ቡድን ወዲያው 783 ኪሎ ሜትር አለ፤ የመኪና መንገዱ ነው። አባዙት፣ ከ61,000 በላይ ወጣ። ምድር አበጠች። መንገዱ ተራራ ይወጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ፀሐይ ግን አትጠማዘዝም። ሌላው ቡድን ግድግዳ ካርታው ላይ በማስመሪያ ለካ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር፣ 25 ሴንቲ ሜትር። 500 ኪሎ ሜትር። 500 ጊዜ 78.5 ሲባዛ 39,250። ትክክለኛው 40,000 ገደማ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ካርታውን የሠራው ሰው የምድርን መጠን አውቆ አይደል የሠራው? ተበድረን ነው እኮ የመለስነው።" ይሄ ልጅ አያስተኛኝም። ልክ ነው። ኤራቶስቴንስ ካርታ አልነበረውም፣ በእግር የተለካ ርቀት ነው የያዘው፣ 5,000 ስታዲያ (የዘመኑ የርቀት መለኪያ ነው)። አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊም ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ድረስ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቴዎዶላይት በሚባል የማዕዘን መለኪያ ከተራራ ተራራ እየለካ ነው የዞረው። ካርታ ያለ እግር አይመጣም። ልጁ "እሺ፣ በእግር ማን ይሄዳል?" አለ። አልተመለሰለትም።

ጳጉሜ 3

ዕቃውን ከፋፈልን። ቴርሞሜትሩ አዳራሹ ይቆያል፣ ቁልፉ ዳኛው ጋ ነው። የዝናብ መለኪያው እስከ መስከረም መጨረሻ ይነበባል፤ ተራ አውጥተዋል። አሸንዳውን ከበርሜል የማገናኘቱ ጉዳይ በዕድሩ ስብሰባ ተነስቶ "ዋጋው ተጠንቶ ይቅረብ" ተብሏል። አጥኚው እኔ ነኝ።

ፀሐይዋ ሚያዝያ 5 ገደማ ተመልሳ አናታችን ላይ ትሆናለች፣ ያኔ ሰማዩ የተሻለ ይሆናል ብለን ነው። በዚያ ቀን ከሌሎች ከተሞችም ሰው እንፈልጋለን። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ዘንግ፣ ቱንቢ፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶንና በትክክል የተሞላ ሰዓት ነው። ሐዋሳ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ጥላው ወደ ደቡብ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊጠጋ ይገባል። ጎንደር 6 ከ31 ላይ ወደ ሰሜን 6 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሽገዋል። ከሐዋሳ የአንዷ ልጅ አክስት እሺ ብላለች። ከጎንደር እስካሁን ማንም አልተመዘገበም።